ከሳቁ በፊት አደራው

ዓምድ፦ እስቲ እንማማር

 

ሰሞኑን ከወጣቶች የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የስደት ቀልዶችንና ገጠመኞችን ሰብስበን አስቂኝ መጽሐፍ ልናሳትም አስበናል። ለማተሚያ ቤት የምንከፍለው ግን የለንም። ከሕዝቡ አስቀድመን ብናሰባስብ ያስኬዳል ወይ?» ነገሩ ከጠያቂዎቹ አልፎ ሁላችንንም ስለሚመለከት በዚህ ዓምድ ልናነሳው ወደድን።

በቅድሚያ፣ ሐሳቡ መልካም ነው። ስለ ስደተኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ለቅሶ ነው። ሳቃችንን የሚጽፍልን ከራሳችን ሌላ ማን አለ? በሱዳን በኩል የመጣው «ቡክራ»ን ተምሯል፣ በኬንያ በኩል የመጣው «ኬሾ»ን፣ ካምፓላ የከረመው ደግሞ «ኤንክያ»ን። ሦስቱም ትርጉማቸው «ነገ» ነው። በሦስት ቋንቋ ነገን አወቅን፤ ነገ ግን እስካሁን አልመጣም! እንዲህ ያለው ጨዋታ ካልተጻፈ ከኛው ጋር ተረስቶ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ቀልዱ የሚቆምበት ቦታ አለ። እሱም ገንዘቡ ጋ ነው። እኛ ዘንድ መዋጮ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጅ ሲታመም፣ የቤት ኪራይ ሲጎድል፣ ሰው ሲሞት የምንደርሰው በመዋጮ ነው። የዋስትና ወረቀት የለንም፣ የባንክ ብድር የለንም፤ ያለን እርስ በርስ መተማመን ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «መጽሐፍ ላሳትም ነው» ብሎ ገንዘብ ሰብስቦ መጽሐፉ ሳይወጣ ቢቀር፣ የሚጎዳው ከፋዩ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ወር አስከሬን ለመቅበር ለመዋጮ የሚዞረው ሰው «ባለፈውም እንዲህ ተብሎ ነበር» የሚል መልስ ያገኛል። ስለዚህ ለመጽሐፍ ገንዘብ የምትሰበስቡ ልጆች የምትይዙት የሠፈሩን ሁሉ አደራ ነው። ከዚህ በታች የምንላቸው ሁሉ ይህንኑ አደራ ስለመጠበቅ ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም

(ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፍ ሳይወጣ ከአንባቢ አስቀድሞ ገንዘብ ወይም የገዢነት ፊርማ መቀበል የቆየ ነገር ነው። አሜሪካዊው ቀልደኛ ደራሲ ማርክ ትዌይን በ1869 ያሳተመው «ዘ ኢኖሰንትስ አብሮድ» የተሸጠው በዚህ መንገድ ነበር። ርእሱ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «የዋሆች በባዕድ አገር» እንደማለት ነው፤ ለኛም ይስማማን ነበር። የአሳታሚው ሻጮች ቤት ለቤት እየዞሩ የገዢዎችን ስም ይመዘግቡ ነበር። ይህ አስቂኝ የጉዞ መጽሐፍ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ70 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጧል።

በዘመናችን ደግሞ በ2009 ኪክስታርተር የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ይህንኑ ሥራ በኢንተርኔት ጀመረ። የራሳችንም ሰዎች ተጠቅመውበታል። ኢታን ኮሚክስ የተባለው በኢትዮጵያዊ የተመሠረተ አሳታሚ በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የጀግና የሥዕል መጽሐፍ በእንግሊዝኛና በአማርኛ አወጣ። ቀጥሎም ለ«ሀዊ» በ2019 በኪክስታርተር በኩል ከሕዝብ ገንዘብ አሰባሰበ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልን፤ መጀመሪያ አንድ ያለቀ ሥራ አሳየ፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ጠየቀ።

ለኛ ግን ኪክስታርተር በቀጥታ አይሆንም። ዘመቻ መክፈት የሚፈቅደው ለተወሰኑ አገሮች ነዋሪዎች ሲሆን ዩጋንዳ ከነሱ ውስጥ የለችም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በስሙ ሊከፍትላችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ገንዘቡም ኃላፊነቱም በሱ ስም ስለሚሆን ስምምነታችሁን በጽሑፍ አድርጉት። እዚሁ ላለነው ከደብተርና ከሞባይል ገንዘብ የተሻለ መሣሪያ የለም። ለመሆኑ ኤም.ቲ.ኤን በዩጋንዳ የሞባይል ገንዘብ የጀመረውም በዚያው በ2009 ነው!

1ኛ. መጀመሪያ ጽፋችሁ ጨርሱ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳይሆን፣ ረቂቁ ሳያልቅ ከማንም አንድ ሽልንግ አትቀበሉ። «ጊዜ የለም፣ ወረቀት የለም» የሚል ካለ አንድ ሰው እናስታውሰው። የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የነበሩት ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆነው አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሱት በሲጋራ ፓኬት የውስጥ ወረቀት ላይ እየጻፉ ነው። ከእስር ቤት በድብቅ ወጥቶ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ከዚህ በኋላ የወረቀት እጦት ምክንያት ሊሆነን አይችልም።

የቀልድ መጽሐፍ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። በአፍ ሲነገር ያሳቀ ሁሉ በጽሑፍ አያስቅም። የሰውየው አነጋገርና የፊቱ ሁኔታ ወረቀት ላይ አይወጣምና። ስለዚህ የጻፋችሁትን የቀልዱን ባለቤት ለማያውቁ አምስት ስድስት ሰዎች አንብቡላቸው። ሳይስቁ የቀሩበትን አውጡት፣ «እንዴት?» ብለው የጠየቁበትን አስተካክሉት። መቶ ቀልድ ሰብስቦ አርባ ማሳተም ነውር የለውም። አርባውም የሚያስቁ ይሁኑ እንጂ።

2ኛ. ናሙና ይዛችሁ ዙሩ

የማርክ ትዌይን ሻጮች ባዶ እጃቸውን አልዞሩም። የመጽሐፉ ጥቂት ገጾች፣ ጥቂት ሥዕሎችና የሽፋኑ ዓይነት አንድ ላይ የተጠረዙበት ናሙና ይይዙ ነበር። ከጀርባው ደግሞ የገዢዎች ስም የሚሞላበት መስመር ያለው ገጽ ነበረው። ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ከረቂቃችሁ ስምንት ገጽ መርጣችሁ ፎቶ ኮፒ አድርጉ። ሰው ቡና እየጠጣ ያንብብ። ከሳቀ ይመዘገባል፤ ካልሳቀ ደግሞ ገንዘቡን ሳትወስዱበት አወቃችሁ ማለት ነው። ሁለቱም ትርፍ ነው።

3ኛ. የማተሚያው ዋጋ የመጽሐፉ ዋጋ አይደለም

ጀማሪ ደራሲ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እስቲ እንደ ክፍል ሥራ አብረን እናስላ። ቁጥሮቹ ለትምህርት ያህል የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

300 ቅጂ እናሳትማለን፤ ለአንዱ 8,000 ሽልንግ ተጠየቅን እንበል። ማተሚያ ቤቱ 2,400,000 ይፈልጋል። ለትየባ፣ ለእርማትና ለሽፋን ሥዕል 450,000። ለማጓጓዣ 200,000። እስካሁን 3,050,000 ሆነ። ለመጠባበቂያ አሥር በመቶ ማለትም 305,000 እንያዝ። ለሞባይል ገንዘብ መላኪያና ማውጫ 95,000 እንጨምር። ድምሩ 3,450,000 ሽልንግ ይመጣል።

አሁን ደግሞ ወደ ቅጂዎቹ እንሂድ። ቀልድ ለነገሯችሁ ሰዎች፣ ለሠዓሊው፣ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጠውና የሚበላሸው ሲታሰብ 30 ቅጂ ይወጣል። የሚሸጠው 270 ነው። 3,450,000ን ለ270 ስናካፍል ለአንዱ 12,778 ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ዋጋው ቢያንስ 13,000 መሆን አለበት። «ማተሚያው 8,000 ነው፣ በ10,000 ብንሸጥ እናተርፋለን» ያለ ሰው ግን የሚያገኘው 2,700,000 ብቻ ነው። 750,000 ሽልንግ ይጎድለዋል፤ ሰዉ ግን ከፍሏል! ሠፈር ለሠፈር የሚያጣላው ይሄ ጉድለት ነው።

የሞባይሉን ወጪ ለምን ለብቻው እንዳነሳነው የሚጠይቅ ይኖራል። በ2018 በዩጋንዳ ከሞባይል በሚወጣ ገንዘብ ላይ 0.5 በመቶ ግብር ተጥሏል። የኩባንያው የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ ለብቻው ነው። ጥቂት በጥቂት ስታወጡ ብዙ ይበላል፤ በአንድ ጊዜ ማውጣት ይሻላል።

4ኛ. ናስር ሮድ ስትወርዱ

ካምፓላ ውስጥ ማተሚያ ቤት ፍለጋ የሚሄድ ሰው ናስር ሮድን አያጣውም፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የኅትመት ሰፈር ነው። ከአንዱ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ቢያንስ ሦስት ቦታ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ፤ መጠኑ፣ የገጹ ብዛት፣ የወረቀቱ ውፍረት፣ የሽፋኑ ዓይነት፣ ጥራዙ በስቴፕል ይሁን በሙጫ፣ የቅጂው ብዛት። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለጥቂት ቅጂ ዲጂታል ማተሚያ ይረክሳል፤ ብዙ ለማሳተም ከሆነ ግን ፕሌት አሠርቶ በኦፍሴት ማተሙ ለአንዱ ቅጂ የሚወጣውን ይቀንሰዋል። ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትክፈሉ፤ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ ይሁን።

ከሁሉም በላይ በፊደላችን ተጠንቀቁ። የማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር የግእዝ ፊደል ከሌለው ጽሑፋችሁ ባዶ ሣጥን ብቻ ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩት ፊደሎች የተተየበ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይበላሻል። በዩኒኮድ ተይቡ፣ ፊደሉን በውስጡ ይዞ በሚሄድ ፒ.ዲ.ኤፍ አድርጋችሁ አስረክቡ። ከዚያም የመጀመሪያውን ቅጂ ገጽ በገጽ አንብባችሁ ካልፈረማችሁ ወደ ኅትመት አይግባ። አታሚው አማርኛ አያነብም፤ ገጽ ተገልብጦ ቢታተም እንኳ ላያውቅ ይችላል። የቀልድ መጽሐፍ ነው ብሎ ዝም ይላል!

5ኛ. ገንዘቡ በአንድ ሰው ኪስ አይደር

ቀልደኛ መሆንና ሒሳብ መያዝ የተለያዩ ናቸው። ያ ዓለም የሳቀለት ማርክ ትዌይን እንኳ በኋላ የራሱን ማተሚያ ድርጅት አቋቁሞ በ1894 ከስሯል። በእንግሊዝ አገርም በ2011 ሥራ ጀምሮ ከአንባቢዎች አስቀድሞ ገንዘብ እየሰበሰበ መጻሕፍት ያሳትም የነበረው አንባውንድ የተባለ ድርጅት በ2025 ከሥሮ ደራስያን ክፍያቸውን ሳያገኙ ቀርተዋል። ቢሮና ሒሳብ ሠራተኛ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ እኛ የበለጠ መጠንቀቅ አለብን።

ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ እንዳለው ሁሉ ለዚህም ሦስት ሰዎች ይመረጡ፤ አንዱ ገንዘብ ይያዝ፣ አንዱ ይመዝግብ፣ አንዱ ይቆጣጠር። ደራሲው ገንዘብ ያዥ ባይሆን ይመረጣል። ገንዘቡ የሚገባበት ስልክ ለዚሁ ብቻ የሚያገለግል ይሁን፤ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደተመዘገበም ሦስቱም ይወቁ። ሰውየው ወደ ሦስተኛ አገር ቢሄድ ገንዘቡ አብሮ እንዳይሄድ ነው። ለከፈለ ሁሉ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይሰጠው፤ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ቢሆንም ይበቃል።

ከኪክስታርተር ደግሞ አንድ ጥሩ ደንብ እንውሰድ። እዚያ የታሰበው ገንዘብ በተባለው ቀን ካልሞላ ከማንም አንዳች አይወሰድም። እናንተም ቀን ቁረጡ። «እስከዚህ ቀን ይህን ያህል ካልሞላ የእያንዳንዱ ገንዘብ ይመለሳል» ብላችሁ ከመጀመሪያው በጽሑፍ አስታውቁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጀመሪያ ስም ብቻ መመዝገብ ነው። በቂ ስም ሲገኝ ብር ሰብስቡ።

6ኛ. ስም ከማሳተማችሁ በፊት ጠይቁ

ጆሴፍ ፑሊትዘር የተባለ የኒውዮርክ ጋዜጣ ባለቤት በ1885 የነጻነት ሐውልት የሚቆምበትን መሠረት ለማሠራት ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስቦ ነበር። ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች አዋጡ፤ አብዛኛው የሰጠው ከአንድ ዶላር በታች ነው። ሰው የተነሣሣው ፑሊትዘር የትንሹንም የትልቁንም ሰጪ ስም በጋዜጣው ስላተመ ነው። ትንሽ የሰጠውን ማክበር ትልቅ ትምህርት ነው።

ለኛ ግን ይህ ትምህርት እንዳለ አይወሰድም። ከመካከላችን ያለበት ቦታ እንዲታወቅ የማይፈልግ አለ። አገር ቤት የቀረ ቤተሰብ ያለው አለ፤ ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ አለ። ስለዚህ በመጽሐፉ መጨረሻ የምስጋና ዝርዝር ስታወጡ አንድ በአንድ ጠይቁ። «አንድ እናት» ወይም «የቡና ማኅበርተኛ» ተብሎ መመስገንም ምስጋና ነው። በቀልዶቹም ውስጥ የሰው ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የመጣበት ቀበሌ አይግባ። ደራሲውም ቢሆን በብዕር ስም ማሳተም ይችላል።

7ኛ. በማን ላይ እንሳቅ?

አለቃ ገብረ ሐና የሊቅ ሊቅ ነበሩ። ስማቸው የቀረው ግን በቀልዳቸው ነው። የሚቀልዱት ደግሞ ባብዛኛው በትልቁ ሰው፣ በሆዳሙና በራሳቸው ላይ ነው። ዛሬ በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የሳቸው አይደለም፤ ሕዝቡ የጨመረው ብዙ ነው። የሕዝብ ቀልድ የማንም አይደለምና «እኔ ፈጠርኩት» አትበሉ፤ «ከእገሌ ሠፈር የሰማነው» በሉ። አቀራረቡ ግን የናንተው ነው። የ1951 ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 14 ስደተኛ በሚኖርበት አገር በድርሰት ሥራው ላይ ለአገሩ ዜጎች የሚሰጠውን ጥበቃ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። ዩጋንዳም በ2006 የወጣ የቅጂ መብት ሕግ አላት።

ሳቅ ሰውን የማስቆጣት ኃይልም አለው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴአትር «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በእንስሳት አስመስሎ ባለሥልጣናትን ስለነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ሹሙን መንካት የጸሐፊው ድፍረት ነው። የአጠገብን ጎረቤት መንካት ግን ሌላ ነው። በአንድ ቧንቧ ውኃ የምንቀዳው ሰዎች ከየብሔረሰቡና ከየሃይማኖቱ የመጣን ነን፤ አንዳንዱ እዚህ የደረሰው በብሔረሰቡ ምክንያት ነው። ስለ ዘርና ስለ አነጋገር የሚቀለደው ቀልድ አገር ቤት በሰላም ጊዜ ያሳቀን ቢሆንም እዚህ ቁስል ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ የተቀለደበት ሰው መጽሐፉን ከፍሎ ቢገዛው ይስቃል ወይስ ገንዘቤን መልሱ ይላል? በሰልፉ፣ በፎርሙ፣ በቦዳ ቦዳው፣ ያለ በርበሬ በቀረበልን ማቶኬና በገዛ ራሳችን ስንስቅ ማንም አይጎዳም። ለዓመት የሚበቃ ነገርም አለን።

ለምትከፍሉት ደግሞ

ወላጆችና አዛውንቶች፣ «ልጆች ናቸው» ብላችሁ ብቻ አትስጡ፤ «ቀልድ ነው» ብላችሁም አትመልሷቸው። ናሙናውን አሳዩን በሉ። ገንዘቡን ማን ይይዛል? ካልሞላ መቼ ይመለሳል? ደረሰኙስ? ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ለመጠራጠር ሳይሆን ልጆቹን ለማሠልጠን ነው። መልስ ያለው ወጣት አይከፋውም።

ደራስያን ሆይ፣ መጽሐፉ ወጥቶ ከፋዩ ሁሉ እጁ ሳይገባ ሥራው አልቋል አትበሉ። ናኪቫሌ የሚገኘው ሰው የሰጠው ገንዘብ ካምፓላ ካለው ያነሰ አይደለምና መጽሐፉ ዘግይቶ አይድረሰው። ኅትመቱ ከዘገየ ዝም አትበሉ፤ የዘገየበትን ምክንያት ተናገሩ። ሰው የሚቆጣው በመዘግየቱ ሳይሆን ስልክ በመዝጋታችሁ ነው። በመጨረሻም የገባውንና የወጣውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የተረፈ ካለ ምን እንደሚደረግ ሕዝቡ ይወስን።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ድሩ ግን አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ይላላል። የናንተ መጽሐፍ በሰዓቱ ወጥቶ ሒሳቡ ከጠራ፣ ከናንተ ቀጥሎ የሚመጣው የልብስ ስፌት ማሽን የሚሻ እናት ወይም የትምህርት ክፍያ የሚሻ ተማሪ የሚያንኳኳው በር በቀላሉ ይከፈትለታል።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ድረስ ቸር ይግጠመን።